የኤርጎጌ ሩጫና ሁለቱ ምስክሮች

ስለ ሰው ማውራት እወዳለሁ፤ አልደብቅም። እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ ዳር ባለው አይቮሪ ፓርክ ሰፈር ውስጥ ሱቅ ከፍቶ የሚኖር የኛ ሰው ሁሉ ያውቀኛል። ሰብለ ያየችውን አንድ ሳታስቀር ትናገራለች ይባላል፤ እውነት ነው። ሐሜት ግን አትበሉኝ። ሐሜት ባለቤቱ በሌለበት የሚወራ ነው፤ እኔ ሰውየው ፊት ለፊቴ ተቀምጦም እናገራለሁ። ይህንን የኤርጎጌን ታሪክም እሷው አጠገቤ ሆና ነው የማወራው፤ ቲማቲም እየመረጠች፣ በየመሃሉ «ኧረ አሁንስ አበዛሽው» እያለችኝ።

ኤርጎጌ የጋሼ ሀቢሶ ሚስት ናት፣ የሩሀማ እናት። ስፓዛቸው ከኔ ሱቅ ሁለት መንገድ ወዲያ ነው። እዚህ ስፓዛ የምንላት በሰው ግቢ ውስጥ ጋራዥ ወይም ቆርቆሮ ቤት ተከራይተን የምንከፍታት ትንሽ ሱቅ ናት፤ ዳቦ፣ ወተት፣ የበቆሎ ዱቄት፣ ሳሙና፣ የሚያስፈልግ ሁሉ አለባት። ከፊት ለፊቷ ወፍራም የብረት ፍርግርግ አለ። መሃሉ ላይ ዳቦ የምታሳልፍ ቀዳዳ ትተናል፤ ደንበኛውም እኛም የምንተያየው በዚያች ነው። ኤርጎጌ ከዚያች ቀዳዳ ኋላ አሥራ ስምንት ዓመት ቆማለች። የተማሪዎች ዳቦ ሊሸጥ ገና ሳይነጋ ትከፍታለች፤ የመጨረሻው ታክሲ ሰው አራግፎ ሲያልፍ ትዘጋለች። ሁላችንም እንዲሁ ነን። እግራችን ከመቆም ሌላ ሥራ መኖሩን ረስቷል።

እና ይህች ሴት ድሮ ሯጭ ነበረች። ስንት ዓመት አንድ ላይ ዕቃ ስናመጣ፣ አንድ ላይ ስንጸልይ፣ አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አላለችም። እዚህ አገር ደግሞ ኢትዮጵያዊ መሆንሽን ያወቀ ሁሉ «ትሮጫለሽ?» ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔ «አዎ፣ ለምሳ ሲጠሩኝ» እላቸዋለሁ። ኤርጎጌ ግን የገንዘባቸውን መልስ ታቀብላቸውና ቀና ሳትል ወደሚቀጥለው ደንበኛ ትዞራለች። እኔ ጥያቄው የሰለቻት ነበር የሚመስለኝ።

ነገሩ የፈነዳው በሩሀማ ትምህርት ቤት የስፖርት ቀን ነው። ሩሀማ እዚሁ ተወልዳ ያደገች የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። የወላጆች ሩጫ አለ ተባለና ከክፍሏ የሚሮጥ ወላጅ ሲጠፋ ሩሀማ እናቷን እየጎተተች ወሰደቻት። «ማሚ፣ ፕሊስ፣ ዝም ብለሽ ቁሚላቸው ብቻ፣ ኖባዲ ኬርስ» አለቻት። ኤርጎጌ የሱቅ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም። ፊሽካው ሲነፋ የላስቲክ ጫማዋን አውልቃ በሁለት እጇ ያዘችና ሄደች። ሄደች ስላችሁ ሄደች ነው። አብሬያቸው የሄድኩት እኔ አይስክሬሜን እንደያዝኩ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የኳስ ጫማ አድርጎ የመጣ አንድ ወፍራም አባት ሁለተኛ ወጣ፤ እሱም ሲደርስ ሣሩ ላይ ተዘረረ። ኤርጎጌ ጫማዋን አጥልቃ ሽርጧን አስተካክላ ተመለሰች። ፊቷ ግን የማውቀው ፊት አልነበረም።

ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ሰው አልሆነችም። ወተት ለጠየቀ ሳሙና ትሰጣለች። እኔ መቼም መተው አልችልም፣ ሄጄ ጨቀጨቅኋት፤ ያን ጊዜ ነው ሁሉን የነገረችኝ። ሆሳዕና ተማሪ ሳለች ረጅም ርቀት ትሮጥ ነበር። ዞኑን ወክላ ሐዋሳ ልትወዳደር ተመርጣ ነበር። ልክ በዚያው ሰሞን የሀቢሶ ቤተሰቦች ሽማግሌ ላኩ፤ ሠርጉ፣ ፓስፖርቱ፣ ጉዞው ተከታተለ። የመሮጫ ጫማዋን ለታናሽ እህቷ ሰጥታ «ደቡብ አፍሪካ ስደርስ ሌላ እገዛለሁ» ብላ አውሮፕላን ተሳፈረች። ደረሰች፤ ሱቅ ተከፈተ፤ ሩሀማ ተወለደች፤ ሱቁ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ እንደገና ተዘጋ። ጫማውን ሳትገዛ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞላት።

«አሁን ማራቶን መሮጥ እፈልጋለሁ» አለችኝ። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ከተማችንን የሚያካልል ማራቶን አለ፤ እሱን ማለቷ ነው። ለባልሽ ነግረሻል ወይ ስላት፣ ነግሬው ሳቀ አለችኝ። እሷ እንዳልሳቀች ሲያይ ደግሞ ተቆጣ።

ስለ ጋሼ ሀቢሶ እውነቱን ልናገር፤ ክፉ ሰው አይደለም። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። የኛ ሰው በሱቅ ድርሻ ሲጣላ፣ ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ ወደሱ ነው የሚኬደው። ቀስ ብሎ ያዳምጣል፣ ጺሙን ይነካካል፣ ከዚያ «ሁለት ምስክር አምጡ» ይላል። ሁለት ሰው ያላየውን ነገር አይፈርድም፤ ወንድሙም ቢሆን። ሩጫውን የከለከለው ፈርቶ ነው። ከዓመታት በፊት ወንበዴዎች ሱቁ ገብተው ጣሪያው ላይ ተኩሰውበታል። ማንም አልተጎዳም፣ ጌታ ይመስገን፤ ቆርቆሮው ላይ ግን ቀዳዳዋ ዛሬም አለች፤ ቀን ቀን በሷ በኩል ብርሃን ይገባል። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ጓ ካለ ሀቢሶን መሬት ላይ ነው የምታገኙት። እሱን ብቻ አይደለም። የፈረንጅ አዲስ ዓመት ሲገባ ርችት ተተኩሶ፣ ሊጠይቁኝ የመጡት እንግዶች ሁሉ ባንኮኒዬ ሥር ተደራርበን ተገኝተናል። እዚያው ሥር ሆነን «እንኳን አደረሳችሁ» ተባባልን። ሱቅ የያዘ የኛ ሰው ሁሉ ጆሮው እንዲህ ሆኗል።

እና ሀቢሶ ሚስቱ በዚህ መንገድ ላይ ብቻዋን ስትሮጥ ማሰብ አልቻለም። ተኳረፉ። አንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ቆመው በሩሀማ በኩል መልእክት ይላላኩ ጀመር። ዘይት ማለቁን ለእናትሽ ንገሪያት፤ ማየቴን ለአባትሽ ንገሪው። ልጅቷ በመጨረሻ ሁለቱንም አስተርጓሚ ቅጠሩ ብላቸው ወጣች። አገሩን የሚያስታርቀው ሽማግሌ የገዛ ቤቱን ማስታረቅ ሲያቅተው እኔ ገባሁበት። ፊት ለፊት ነገርኩት። አሥራ ስምንት ዓመት አብራህ ስትቆም አንድ ነገር ጠይቃህ ታውቃለች ወይ አልኩት። አታውቅም አለ። ታዲያ ለምን አትሰማትም አልኩት። ጺሙን ነካካ።

በነጋታው አራት ሰው ጠራ፤ እሷን፣ እኔን፣ ሩሀማንና የባኪያችንን ሹፌር ምሕረቱን። ባኪ ዕቃ የምናመላልስባት ክፍት መኪና ናት። ሀቢሶ እንደ ዳኛ ተቀመጠና ውሳኔውን አሰማ። አንድ ዓመት ተሰጥቷታል። ማራቶኑ የሚያልቀው ስታዲየም ውስጥ ነው፤ ሩጫው ከተነሳ ልክ ስድስት ሰዓት ሲሞላ መዝጊያ ተኩስ ይተኮሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚገባ አልጨረሰም። ኤርጎጌ ከተኩሱ በፊት መስመሩን ካለፈች እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ትሩጥ፣ እሱ ቃል አይናገርም። ካላለፈች ጫማውን ትሰቅላለች፣ ነገሩም ሁለተኛ እዚያ ቤት አይነሳም። ምስክሮቹ ሰብለና ምሕረቱ ናቸው። እጅ ለእጅ ተጨባበጡ፣ ጸለየና አሜን ተባለ።

ስንወጣ ክንዷን ያዝኩና አበድሽ ወይ አልኳት። ሃያ ዓመት ላልሮጠ ሰው ይህ ምን ዓይነት ውል ነው? ኤርጎጌ ግን የሰማችው «ትሩጥ» የሚለውን ብቻ ነበር።

አሁን የጊዜ ነገር መጣ። ከየት ይምጣ? ሱቁ ከጨለማ እስከ ጨለማ ነው፤ እሑድ ከሰዓት ጸሎት ነው። ተሰብስበን ብናስብ አንድም ቀዳዳ አልተገኘም። ያገኘችው እሷ ናት። እኛ አራት ሱቆች ረቡዕ ረቡዕ ባኪዋን በጋራ ይዘን ከተማ መሃል የኛ ሰው በጅምላ ወደሚሸጥበት ጄፒ ወርደን ዕቃ እንገዛለን። ስንመለስ ምሕረቱ ሚድራንድ የምትባለው ከተማ ድልድይ ጋ ከአውራ ጎዳናው ይወጣና የሩቆቹን ሱቆች ዕቃ እያራገፈ፣ እየዞረ፣ መጨረሻ እኛ ጋ ይደርሳል። ያንን ሁሉ ጊዜ ኤርጎጌ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጣ ነበር የምታሳልፈው። ታዲያ ለምሕረቱ ድልድዩ ጋ አውርደኝ አለችው። ከድልድዩ ቤቷ ድረስ ትሮጣለች፤ ዕቃው ሲደርስ እሷም ትደርሳለች። ከሱቁ አንዲት ደቂቃ አልጎደለም። እኔ የስኳሩን ጆንያ ወረስኩ።

ቀሪውን እዚያው ሱቅ ውስጥ ሠራችው። ዱቄት በትከሻዋ ተሸክማ ቁጭ ብድግ ትላለች። ደንበኛ ሲጠፋ ከፍርግርጉ ኋላ በቆመችበት ሶምሶማ ትመታለች። ጎጎ ማቡዛ የምንላት አሮጊት ደንበኛ፣ ጎጎ በነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው፣ ይህን አይታ ሽንት ቤት መሄድ ከፈለግሽ ሱቁን ልጠብቅልሽ አለቻት።

የመጀመሪያውን ረቡዕ ብረሳው ይርሳኝ። ኤርጎጌ ድልድዩ ጋ ወረደች፤ በረጅም ቀሚስ፣ ወገቧ ላይ ቦርሳ አስራ። እኛ ዕቃ አድርሰን እየተመለስን ነው። እሷ አይቮሪ ፓርክ ገባች። አሁን አስቡት፤ በዚህ ሰፈር ሰዎች ስፓዛ ያለው ኢትዮጵያዊ ሲሮጥ የሚያዩት አንድ ነገር ሲሆን ብቻ ነው። ጎጎ ማቡዛ በሯ ላይ እየጠረገች ነበር። መጥረጊያዋን እንደያዘች ቀና አለችና «ማን ዘረፈሽ?» ብላ ጮኸች።

ኤርጎጌ ማንም ልትላት ፈለገች፤ ትንፋሽ ከየት ይምጣ። እጇን ወደ ፊት ወዘወዘች፤ ተዪኝ፣ ወደ ቤቴ ነኝ ለማለት። ጎጎ ሌባው በዚያ ሄደ ማለቷ ነው ብላ ተረዳች። በአንድ አፍታ ሰፈሩ ተነሳ። ፀጉር አስተካካዩ መቀስ ይዞ፣ ጎማ ጠጋኙ ብረት ይዞ፣ ማግዊንያ የሚሉትን የነሱን ቦምቦሊኖ የምትጠብሰው ሴትዮ ዘይት የሚንጠባጠብ ጭልፋዋን ይዛ፣ ሁሉም ከኤርጎጌ ፊት ፊት እየሮጡ ሌባ ፍለጋ። መንገዱ ጫፍ ላይ ምን አገኙ? ዕቃ የጫነች ባኪ። ምሕረቱ ምስኪን መዝሙሩን ከፍቶ መስኮቱን አውርዶ ይመጣል። ከበቡት። ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። እኔ ከስኳሩ ጆንያ ላይ ቆሜ በማውቀው ዙሉ፣ በእንግሊዝኛ፣ በመጨረሻም በአማርኛ ስጮህ ነው ጎማ ጠጋኙ የለየን። ኤርጎጌ ደርሳ ጉልበቷን ይዛ አጎንብሳ ሳቀች፤ መናገር እስክትችል ብዙ ቆየን። ጭልፋ የያዘችው ሴትዮ ማግዊንያዋ አርሮባት ነበር፤ ያረረውን ተካፍለን በላነው።

ከዚያን ቀን በኋላ መንገዱ የኤርጎጌ ሆነ። ጎጎ ማቡዛ ለሁሉም ነገረች፤ ረቡዕ ረቡዕ ማማ ካሩሀማ ትሮጣለች፣ ማንም እንዳይነካት። የሩሀማ እናት ማለታቸው ነው። ፀጉር አስተካካዩ ስታልፍ ያይና ጎማ ጠጋኙን ይጠራል፣ እሱ ማግዊንያ ጠባሿን ይጠራል፣ ድምፁ ከሷ ቀድሞ ሱቁ ይደርሳል። ሀቢሶ አይመለከተኝም እያለ መደርደሪያ ያስተካክላል። ድምፁ የዘገየ ቀን ግን አንድ የሳሙና ካርቶን አንስቶ የሚያስቀምጥበት ቦታ ይጠፋዋል። አይቼዋለሁ።

ክረምቱ መጣ። የጆሃንስበርግ ሰኔና ሐምሌ አጥንት ይሰብራል፤ እኛ በጋዝ ማሞቂያ ዙሪያ ነው የምንውለው። የኤርጎጌ ጉልበት አበጠ። ሩሀማ ታመመች፣ ከዚያ ፈተና ደረሰባት፣ ከዚያ ባኪዋ ተበላሸች። ረቡዕ በረቡዕ ላይ አለፈ። አንድ ቀን ከሰዓት ሱቄ መጥታ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጠችና ልተወው መሰለኝ አለች። እኔ ለመሆኑ ከዚህ ሩጫ ምን ታገኛለሽ ብዬ ጠየቅኋት፤ ከልቤ ነበር፣ ገብቶኝ አያውቅም።

እንዲህ አለችኝ፦ «ቀኑን ሙሉ ሰው የማየው በብረት መሃል ነው። እጅ ይመጣል፣ እጅ ይሄዳል። ስሮጥ ብረቱ የለም። ጎጎ ማቡዛ ሙሉ ሰው ሆና ነው የማያት፤ እኔም ሙሉ ሰው ነኝ።»

እኔ አልቃሻ አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን አለቀስኩ። እኔም እኮ ከዚያው ብረት ኋላ ነኝ። በዚያው ወሰንኩ። እሑድ እሑድ ጠዋት የኔን ሱቅ ለወንድሜ ትቼ የሷን ልጠብቅ፣ እሷ ትሩጥ። ሀቢሶ ምስክር ለአንድ ወገን ማድላት አይችልም ብሎ ተከራከረኝ። ሱቅ መጠበቅ ምስክርነት አይደለም አልኩትና ቁልፉን ተቀበልኩት። ለስፖርት ያደረግሁት አስተዋጽኦ ይህ ነው፤ ይመዝገብልኝ።

ኅዳር ደረሰ። የውድድሩ እሑድ ሱቆቻችንን ዘጋን፤ እኛ ሱቅ መዝጋት! ጎጎ ማቡዛ ወንበር አውጥታ በኤርጎጌ ሱቅ በር ላይ ተቀመጠች፤ ተመልሳችሁ እስክትመጡ ከዚህ አልነሳም አለች። ጸሎታችን ከሰዓት ስለሆነ ከስታዲየሙ ቀጥታ ልንሄድ የቤተ ክርስቲያን ልብሳችንን ለብሰን ነው የወጣነው። ሀቢሶ ጥቁር ሱፉን፣ እኔ ባለ አበባ ቀሚሴን። አንድ ረድፍ ወንበር ይዘን ተቀመጥን፤ ጠርሙስ ውሃ፣ ቆሎ፣ ጃንጥላ። የኛ ረድፍ ከሩቅ ይለያል።

ኤርጎጌ በኋላ እንደነገረችን ስህተቱ የተሠራው መነሻው ላይ ነው። ሩሀማ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ካናቴራ ገዝታላት ነበር። እሷ ከኋላ ልትቆም ስትል የአገሩ ሯጮች አዩአት፤ ኢትዮጵያ፣ ኢትዮጵያ እያሉ መንገድ ከፈቱላትና እየገፉ ከፈጣኖቹ ጋር አቆሟት። እምቢ ማለት ትችል ነበር፤ አላለችም። ሐዋሳ ያልሮጠችው ሩጫ ትዝ አላት። ሲነሱ ከነዚያ ቀጫጭኖች ጋር ነጎደች። ለአንድ ሰዓት ያህል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆና ሮጠች፤ ስትነግረኝ ዓይኗ ይበራል፣ አይቆጫትም። ከዚያ እግሯ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ መሆኑን አስታወሳት። ግማሹ ላይ መራመድ ጀመረች። ፀሐዩ ወጣ። በልጅነት ዕድሜ ያለ ሁሉ፣ በሷ ዕድሜ ያለ ሁሉ፣ ከሷ በላይ የወፈረ ሁሉ እያለፋት ሄደ።

በዚህ አገር ማራቶን ላይ አውቶቡስ የሚሉት ነገር አለ። መኪና አይደለም፤ ሰው ነው። ፈጣን ያልሆኑት ይሰበሰቡና አንድ ልምድ ያለው ሰው ይመራቸዋል፣ ሹፌር ይሉታል። የት እንደሚራመዱ፣ የት እንደሚሮጡ እሱ ያዛል፤ እየዘፈኑ፣ እያጨበጨቡ አንድ ላይ ይሄዳሉ። ኤርጎጌ የመንገድ ጠርዝ ይዛ ስታነክስ ያ ዘፈን ከኋላዋ መጣ። ጀርባው ላይ ባንዲራ ያሰረ ሽበታም ሹፌር «ማማ ኢትዮጵያ፣ ተሳፈሪ!» አላት። ለመጀመሪያው ጥሪ እምቢ አለች። የዞን ሯጭ ከሚዘፍኑ ሰዎች ጋር! ሹፌሩ አልተቀየማትም፤ ቦታ አለ፣ ወንበሩ የራስሽ እግር ነው አላት። ተሳፈረች። የዘፈኑን ቃል ስለማታውቀው በዜማው ላይ የሀዲይኛ መዝሙር ቃል እየሞላች ዘፈነች። አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ደስ ብሏቸው የሷን ቃል ተቀበሏት።

እኛ ይህን ምኑንም አናውቅም። ስታዲየም ተቀምጠን በሩን እናያለን። ሰው ይገባል፣ ይገባል፣ ኤርጎጌ የለችም። ሀቢሶ ጃንጥላውን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ስድስት ሰዓቱ ሊሞላ ሲል አንድ ሰውዬ ሽጉጥ ይዞ መጥቶ መስመሩ ላይ ቆመ። ለሚገቡት ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚቆመው፤ ፊታቸውን አይቶ እንዳይራራ ነው አሉን። በዚያው ቅጽበት ዘፈን ተሰማ፤ አውቶቡሱ በሩን አልፎ ገባ። እናቷን ያየቻት ሩሀማ ናት፤ ከሁሉም ኋላ፣ አንድ እግሯ ተኮማትሮ፣ እየጎተተችው።

ሀቢሶ ተነስቶ ቆመ። ያ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው «ነዪ! ነዪ! ነዪ!» እያለ ጃንጥላውን ይወዘውዝ ጀመር። ዳኛ ነህ እኮ፣ ደግ አይደለም ልለው ዞር ብዬ ነበር፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ አየሁትና ተውኩት። የአውቶቡሱ ፊት መስመሩን አለፈ። መሃሉ አለፈ። ኤርጎጌ ልትደርስ ነው። እኔ ዓይኔን አልነቀልኩም፤ ምስክር ነኛ። ምሕረቱም አንገቱን አስግጓል።

ሽጉጡ ጮኸ።

ዓመት ሙሉ ተኩሱ፣ ተኩሱ ስንል ከርመናል። ሰዓቱን እናውቃለን፣ ሽጉጡን የያዘውን ሰውዬ እያየነው ነው። ሰውነት ግን የሚያውቀውን ነው የሚያውቀው። ከዳር እስከ ዳር የኛ ረድፍ ወንበር ሥር ገባ። ቆሎው ተበተነ። ሩሀማ እናቷን በስልኳ እየቀረጸች ነበር፤ አባቷ እጇን ጎትቶ በላይዋ ተኛባት። እኔ ከምሕረቱ ጉልበትና ከጃንጥላው መሃል ተቀርቅሬ ነበር። ዙሪያችን ያሉት የአገሩ ሰዎች መጀመሪያ ደነገጡ፤ ከዚያ ገባቸውና አንዲት ትልቅ ሴት እጄን ይዛ አነሳችኝ። ቀና ስንል ኤርጎጌ ከመስመሩ ወዲያ ሣር ላይ ተቀምጣለች። የሩሀማ ስልክ የያዘው የአባቷን ጫማና የኔን ጩኸት ብቻ ነው።

ወረድን። ኤርጎጌ አንገቷ ላይ በሰዓቱ ለጨረሰ የሚሰጠው ሜዳሊያ አልነበረም። ሀቢሶን ቀና ብላ አየችውና «ሁለት እርምጃ ሲቀረኝ ተተኮሰ» አለች። አላለቀሰችም፣ አላሳበበችም። ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር መፍታት ጀመረች። ቃል ቃል ነው። ቋጠሮው ግን እምቢ አላት።

ሀቢሶ በዚያ ጥቁር ሱፍ ሣሩ ላይ ተንበረከከ። ጫማውን ሊያወልቅላት መሰለኝ። ክሩን ከእጇ ወሰደና አጠበቀው፤ እንደ ትንሽ ልጅ ጫማ ሁለት ጊዜ ቋጠረው። ከዚያ ሳይነሳ በዚያ በሽማግሌ ድምፁ ጠየቀኝ።

«ሰብለ፣ አይተሻል?»

«ወንበር ሥር ነበርኩ» አልኩ። በሕይወቴ ያላየሁት ነገር ይኸው ነው።

«ምሕረቱ?»

እሱም ወንበር ሥር መሆኑን ተናገረ። ምሕረቱ ግን እውነተኛ ሰው ስለሆነ ሜዳሊያ የላትም ብሎ ጨመረበት። በዓይኔ ልበላው ነበር።

«ዕቃ አይመሰክርም» አለው ሀቢሶ። ወደ ሚስቱ ዞረ። «የባለጉዳይ ቃል ደግሞ ብቻውን አይበቃም። ምስክር ስላልተገኘ ጉዳዩ ለሚመጣው ዓመት ተቀጥሯል። እስከዚያ ሩጫው ባለበት ይቀጥላል።»

ኤርጎጌ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ትከሻው ላይ ተደፍታ፣ ላቧን ሱፉ ላይ እየጠረገች። ሩሀማ «ዳዲ፣ አይ ካንት ዊዝ ዩ፣ አልቻልኩህም» አለችና እሷም ላያቸው ላይ ወደቀች። እኔ ቆሜ አለቀስኩ፤ ምሕረቱ ግራ ገብቶት የተረፈውን ቆሎ አቀበለኝ። ከዚያ ሄደን ጸለይን። ኤርጎጌ ለመዝሙር ተነሱ ሲባል አልተነሳችም፤ ማንም ምንም አላላትም።

ሁለት ረቡዕ አረፈች። በሦስተኛው ባኪዋ ድልድዩ ጋ ስትደርስ ማንም ሳይነግረው ምሕረቱ ቆመ። ኤርጎጌ ወርዳ ክሯን አጠበቀችና ሄደች። እኛ ያን ቀን ለሩቆቹ ሱቆች የሚራገፍ ዕቃ ስላልነበረን ቀስ እያልን ከኋላዋ ተከተልናት። ሀቢሶ ከፍርግርጉ ኋላ ወጥቶ መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ጎጎ ማቡዛ ደግሞ በሯ ላይ መጥረጊያዋን ተደግፋ፣ እየሳቀች፣ «ማን ዘረፈሽ?» ብላ ጮኸች።

አሁን ትንፋሽ አላት። ሳትቆም «ማንም፣ ጎጎ፣ ማንም!» ብላ መለሰችላት።